የቅድመ መደበኛ መምህራን የክፍል ውስጥ ሙያዊ ድጋፍ፤ ምንነቱና አተገባበሩ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር

የትምህርት ጥራት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ መነጋገሪያ የሚሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። ይሁን እንጂ የውጤቱ መነሻ ተማሪው የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ የተቀመጠበት ክፍል ጭምር መሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች ይስማሙበታል። ፊደል የመለየት፣ ተረት አድምጦ የመረዳት፣ ተራ ጠብቆ የመናገርና ጠይቆ የማወቅ ልማድ በዚህ ዕድሜ ካልዳበረ በኋላ የሚደረገው ማካካሻ አድካሚና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በ8 ክልሎችና በ6 ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ክህሎት ምዘና ይህንኑ አመላክቷል። በምዘናው ከተካተቱት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ችግሩን ከሥሩ ለመፍታት ከሚያስችሉ አማራጮች አንዱ የቅድመ መደበኛ መምህራንን በሚያስተምሩበት ክፍል ተገኝቶ በቀጣይነት መደገፍ ነው። ይህ አሠራር በባለሙያዎች ዘንድ ኮቺንግ በሚል ስያሜ ይታወቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሮችና ለርዕሳነ መምህራን የአሠራሩን ምንነት፣ ውጤታማ የሚሆንበትን ሁኔታና በምዕራብ ጎጃም ዞን ሊተገበር የሚችልበትን አግባብ ማመላከት ነው።

የዘርፉ አጭር ታሪካዊ ዳራ

በአገራችን ሕፃናትን ፊደል የማስቆጠር ሥራ የቆየ ታሪክ አለው። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከየኔታ ዘንድ ቀርቦ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን ይደግማል። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ተራ በተራ እያቀረቡ ሲያስነብቡ፣ የቀደመው ደግሞ ተከታዩን ያስጠናል። በቅኔ መምህራን መፍለቂያነቱ በሚታወቀው ጎጃምም መምህር የሚሆን ሰው ሙያውን የሚቀስመው ከመምህሩ ሥር ለዓመታት ተቀምጦ፣ እያየና እየታረመ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ሙያን ከሙያተኛ ጎን ሆኖ መማር ለአካባቢው ኅብረተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች እንደነበር ይነገራል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ለሕፃናት ሁለንተናዊ ዕድገት የሚሰጥ ዝግጅት አድርጎ ቢያስቀምጠውም ሥራው በአመዛኙ ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለኅብረተሰቡ የተተወ ነበር። በመሆኑም አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ በከተሞችና የመክፈል አቅም ባላቸው ቤተሰቦች ዙሪያ ተወስኖ ቆይቷል።

በ2002 ዓ.ም የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። ማዕቀፉ አራት ምሰሶዎች ሲኖሩት እነርሱም የወላጆች ትምህርት፣ የሕፃናት ጤናና የመጀመሪያ ጊዜ ማነቃቂያ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት እንዲሁም ከመደበኛ ውጭ የሚሰጥ የትምህርት ቤት ዝግጁነት መርሐ ግብር ናቸው። ከዚህ በመቀጠል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ውስጥ ለስድስት ዓመት ሕፃናት የአንድ ዓመት «ኦ» ክፍል የመክፈት ሥራ በስፋት ተከናውኗል።

በዚህም የቅድመ መደበኛ ትምህርት አገር አቀፍ ጥቅል ተሳትፎ በ2002 ዓ.ም ከነበረበት 6.9 በመቶ በ2006 ዓ.ም ወደ 34 በመቶ ከፍ ብሏል። አምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብርም በ2012 ዓ.ም ተሳትፎውን 80 በመቶ ለማድረስ ግብ ጥሎ ነበር። በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። በዓለም አቀፍ ደረጃም በዘላቂ የልማት ግቦች አራተኛ ግብ ሥር ሁሉም ሕፃናት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ጥራት ያለው የቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲያገኙ ስምምነት ተደርሷል።

የክፍሉ ቁጥርና የመምህሩ ዝግጅት

የተሳትፎው ዕድገት የሚያስመሰግን ቢሆንም የመምህራኑ ዝግጅት በዚያው ፍጥነት አልተጓዘም። «ኦ» ክፍሎች በተከፈቱባቸው በርካታ ትምህርት ቤቶች የተመደቡት ለከፍተኛ ክፍሎች የሠለጠኑ መምህራን ወይም አጭር ገለጻ ብቻ ያገኙ አመቻቾች ናቸው። የያንግ ላይቭስ የጥናት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ «ኦ» ክፍል ባወጣው ሪፖርት ለዕድሜው የሚስማማ ሥልጠና ያገኙ መምህራን እጥረትን ከዋና ዋና ተግዳሮቶች መካከል አስቀምጦታል።

ይህ ክፍተት በክፍል ውስጥ የሚታይበት መንገድ ግልጽ ነው። መምህሩ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይጠራል፤ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ» የሚለው ዜማ በሚገባ ይሸመደዳል። ሆኖም «ሄ» ለብቻዋ ተጽፋ ስትቀርብ ሕፃኑ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ እስኪደርስባት ድረስ ሊለያት አይችልም። ክፍሉ ከደጅ ለሚሰማ ሰው የደመቀ ይመስላል፤ ሕፃኑ ግን ፊደሉን ከእነዜማው ይዞት እንጂ አውቆት አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተለመደው መፍትሔ መምህራንን በዞን ወይም በወረዳ ከተማ ሰብስቦ ለጥቂት ቀናት ማሠልጠን ነው። ሥልጠናው አዳዲስ ሐሳቦችን ለማስተዋወቅ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁንና መምህሯ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ በአዳራሽ የተነገራትን በተጨናነቀ ክፍል፣ ያለ በቂ መሣሪያ፣ ብቻዋን እንድትተገብረው ይጠበቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካላት ወደ ነባሩ አካሄድ መመለሷ የማይቀር ነው።

ኮቺንግ ምንድን ነው?

ኮቺንግ ልምድ ያለው ባለሙያ ወይም የሥራ ባልደረባ መምህሩ በሚያስተምርበት ክፍል በተደጋጋሚ እየተገኘ፣ የተወሰነ የማስተማር ክህሎት ላይ በማተኮር፣ እያሳየና እየተወያየ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ሦስት መለያ ባሕርያት አሉት። በሥራ ቦታ የሚሰጥ መሆኑ፣ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም መሆኑ እንዲሁም በአንድ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ የሚያተኩር መሆኑ ነው።

አሠራሩን ከኢንስፔክሽን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቱን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከአንድ እስከ አራት በሚደርስ ደረጃ ያስቀምጣል። የሥራ አፈጻጸም ምዘናም በበኩሉ ለመምህሩ የደረጃ ዕድገት ግብዓት ነው። ሁለቱም አስፈላጊዎች ቢሆኑም የሚመዝን ሰው ወደ ክፍል ሲገባ መምህሩ የሚያሳየው የሚችለውን እንጂ የቸገረውን አይደለም። ለድጋፍ የሚመጣ ሰው ማየት የሚገባው ደግሞ የቸገረውን ነው። በመሆኑም በአንድ ጉብኝት ነጥብ መስጠትንና መደገፍን ማጣመር ሁለቱንም ያበላሻል። አብዛኛው የድጋፍ ሥራ የሚሰናከለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለአሠራሩ የሚሆን መዋቅር በአገራችን ተዘርግቷል። የትምህርት ቤቶች ጉድኝትና የጉድኝት ሱፐርቫይዘር አደረጃጀት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍም እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፍ፣ ጀማሪ መምህራንም ለሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር እየታገዙ ከሥራው እንዲተዋወቁ ይጠይቃል። በእነዚህ አደረጃጀቶች ውስጥ የቅድመ መደበኛ መምህሯ እንደማንኛውም መምህር ቦታ እንዲኖራት ማድረግ ከኃላፊዎች የሚጠበቅ ተግባር ነው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ተሞክሮ

በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተካሄደው ጥናት ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን አነጻጽሯል። በ50 ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን በማዕከል ተሰብስበው ሠለጠኑ። በሌሎች 50 ትምህርት ቤቶች ያሉት ደግሞ በየክፍላቸው በየጊዜው እየተጎበኙ ድጋፍ አገኙ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት የትምህርት ዕቅድና የንባብ መጻሕፍት ነበሯቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉብኝቱን ባገኙት ክፍሎች የታየው የንባብ መሻሻል በአዳራሽ ሥልጠና ከተገኘው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኗል። የጉብኝቱ ወጪ ከፍ ያለ ቢሆንም ከውጤቱ አንጻር ሲሰላ የተሻለ አዋጭነት እንዳለው ተረጋግጧል።

በጋና ታላቋ አክራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በ240 ትምህርት ቤቶች የተካሄደው የቅድመ መደበኛ መምህራን መርሐ ግብር አጭር ሥልጠናን ከክፍል ውስጥ ድጋፍ ጋር በማቀናጀት የሕፃናቱን ለትምህርት ዝግጁ መሆን አሻሽሏል። በአንጻሩ የወላጆች የግንዛቤ ስብሰባ በተጨመረባቸው ትምህርት ቤቶች ለሕፃናቱ የተገኘው ጥቅም ጠፍቷል። ይህም ወላጆችን ማሳተፍ የራሱ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ መሆኑን ያስገነዝባል።

በጎረቤት ኬንያ ታያሪ የተባለው የቅድመ መደበኛ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2018 የመምህር መምሪያን፣ የሕፃናት መጽሐፍን፣ ሥልጠናንና የክፍል ጉብኝትን አጣምሮ ሠርቷል። ቱሶሜ በተሰኘው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ መርሐ ግብር ደግሞ የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ድጋፍ ባለሙያዎች የጎበኙትን ክፍል በእጅ ኮምፒውተር ይመዘግቡ ነበር። የትራንስፖርት ወጪያቸውም በተመዘገበው ጉብኝት ልክ ይተካላቸው ነበር።

60 ጥናቶችን ያጠቃለለ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ዳሰሳም የክፍል ውስጥ ድጋፍ የማስተማር ዘዴን በከፍተኛ ደረጃ፣ የተማሪዎችን ውጤት ደግሞ በመጠኑ እንደሚያሻሽል ደርሶበታል። ዳሰሳው አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል። መርሐ ግብሩ ለብዙ መምህራን እንዲዳረስ ሲሰፋ ውጤቱ ይቀንሳል። ስለሆነም ዋናው ጥያቄ ስንት መምህራን ተዳረሱ የሚለው ሳይሆን እያንዳንዷ መምህርት ስንት ጊዜ፣ በምን ብቃት ተደገፈች የሚለው ነው።

የአንድ ዙር ድጋፍ ቅደም ተከተል

አንድ ዙር የክፍል ውስጥ ድጋፍ አራት ደረጃዎችን ያካትታል።

በመጀመሪያ ደጋፊ ባለሙያውና መምህሯ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ይነጋገራሉ። በዕለቱ በምን ላይ እንደሚተኮር የሚመረጠውም በዚህ ጊዜ ሲሆን መራጯ በተቻለ መጠን መምህሯ ራሷ ብትሆን ይመረጣል።

በሁለተኛ ደረጃ ባለሙያው ለ40 ደቂቃ ያህል ክፍሉን ይመለከታል። የሚጽፈው ያየውን እንጂ ፍርዱን አይደለም። ስንት ሕፃናት እንደተናገሩ፣ ስንት ሕፃናት ዕቃ በእጃቸው እንደያዙ፣ መምህሯ ከጠየቀች በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደጠበቀች ይመዘግባል። እንደ አስፈላጊነቱ አንዱን እንቅስቃሴ ራሱ በማስተማር ያሳያል ወይም ከመምህሯ ጋር በጋራ ያስተምራል።

በሦስተኛ ደረጃ ሕፃናቱ ከወጡ በኋላ ለ30 ደቂቃ ይወያያሉ። የውይይቱ ቋንቋ ወሳኝ ነው። «ሕፃናቱን አላሳተፉም» ማለት መምህሯን መከላከል ውስጥ ያስገባታል። «በበሩ በኩል ከተቀመጡት ልጆች አንዱም ዕድል ሲያገኝ አላየሁም፤ እርስዎ ምን አስተዋሉ?» ማለት ግን ለምክክር ይጋብዛል። ውይይቱ በርዕሰ መምህሩ ወይም በሌሎች መምህራን ፊት መካሄድ የለበትም።

በአራተኛ ደረጃ እስከሚቀጥለው ጉብኝት የሚሞከር አንድ ተግባር ተመርጦ በመምህሯ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ቀጣዩ ጉብኝት የሚጀምረው ከዚያ ተግባር ነው። ባለፈው የተባለውን ሳያስታውስ የሚመጣ ባለሙያ ዘወትር እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል።

ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው ጊዜ በአጠቃላይ 80 ደቂቃ ነው። በዓመት 12 ዙር ቢካሄድ 16 ሰዓት ይሆናል። ይህም መምህሯ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ከሚጠበቅባት 60 ሰዓት ከአንድ ሦስተኛ በታች በመሆኑ ተጨማሪ ጫና ሳይሆን ለነባሩ ግዴታ ይዘት የሚሰጥ ነው።

በምን ላይ ይተኮራል?

ለጀማሪ ደጋፊ ባለሙያ አራት የትኩረት መስኮች በቂ ናቸው። የመጀመሪያው ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት ነው። ፊደላትን ከተርታቸው አውጥቶ እያፈራረቁ ማሳየት፣ የሕፃኑን ስም የመጀመሪያ ፊደል ማስፈለግ፣ «በ ብ የሚጀምር ነገር ማን ይነግረኛል?» እያሉ ማጫወት ዜማውን ሳይጥሉ ዕውቀቱን ያጠናክራሉ።

ሁለተኛው በጨዋታ ማስተማር ነው። ሕፃናት ከቤታቸው ይዘዋቸው የሚመጡት ጨዋታዎች ለክፍል ሀብት ናቸው። ሰኞ ማክሰኞ ቁጥርንና ሚዛንን፣ ቅልብልቦሽ የዓይንና የእጅ ቅንጅትን፣ ገበጣ መደመርና መቀነስን፣ እንቆቅልሽ ደግሞ ማሰብንና ቋንቋን ያዳብራሉ። ተረት ከተነገረ በኋላ «ጅቡ ለምን ተታለለ?» ብሎ መጠየቅም በአንድ ድምፅ ከሚመለስ ጥያቄ የበለጠ ፋይዳ አለው።

ሦስተኛው በአካባቢ ከሚገኙ ቁሳቁሶች መሣሪያ ማዘጋጀት ነው። ቆርኪ፣ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ሸክላ፣ ስንደዶና ካርቶን ለቁጥርና ለቅርጽ ትምህርት ያገለግላሉ። የማዳበሪያ ጆንያ ተቀድዶ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል የፊደል ገበታ ይሆናል። መሣሪያው ከግድግዳ ወርዶ በሕፃናቱ እጅ መግባቱን ማረጋገጥ የደጋፊው ሥራ ነው።

አራተኛው ሥርዓትን ያለ ዱላ ማስከበር ነው። ሕፃኑን በስሙ መጥራት፣ የዕለቱን ቅደም ተከተል ማስለመድ፣ በቡድን ከፋፍሎ ማሠራትና መልካም ተግባሩን ለይቶ ማመስገን ብዙ ሕፃናት ባሉበት ክፍልም ሊሠራባቸው የሚችሉ ዘዴዎች ናቸው።

የምዕራብ ጎጃም ነባራዊ ሁኔታ

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ርዕሰ ከተማ ስትሆን ከደምበጫና ከቡሬ ጋር አዲስ አበባን በደብረ ማርቆስ በኩል ከባህር ዳር በሚያገናኘው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ለጉብኝት ምቹ ናቸው። ከዋናው መንገድ ርቀው በሚገኙ የጃቢ ጠህናን፣ የቋሪት፣ የሰከላ፣ የደጋ ዳሞትና የወንበርማ ገጠር ቀበሌዎች ያሉት ግን ብዙውን ጊዜ የእግር ጉዞ ይጠይቃሉ። ክረምቱ ሲበረታ ጭቃውና ወንዙ፣ በመኸር ወቅት ደግሞ ሕፃናቱ በጥበቃና በእረኝነት ቤተሰብ የሚያግዙ መሆናቸው የጉብኝት ዕቅድ ሲወጣ ከግምት መግባት አለባቸው።

ለአብነት ያህል ስድስት ትምህርት ቤቶችን ያቀፈ አንድ ጉድኝት፣ በእያንዳንዱም ሁለት የቅድመ መደበኛ መምህራን አሉት ብንል በጠቅላላው 12 መምህራን ይሆናሉ። እያንዳንዷን መምህርት በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ለመጎብኘት በሳምንት አራት ጉብኝት ያስፈልጋል። በ18 ሳምንት የትምህርት መንፈቅ ይህ 72 ጉብኝት፣ ለእያንዳንዷ መምህርት ስድስት ዙር ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ በስብሰባ፣ በሪፖርትና በሌሎች ዘመቻዎች የሚጠመድ ከሆነ ይህን ማከናወን አይችልም። ስለዚህ ለሳምንቱ ሁለት ቀናት ከሌላ ሥራ ነጻ እንዲሆኑ በጽሑፍ መወሰን ይገባል።

ይህ ባልተቻለበት ሁኔታ ሁለተኛው አማራጭ በአንድ ግቢ ወይም በአጎራባች ትምህርት ቤቶች ያሉ ሁለት መምህራን እርስ በርስ እየተጎበኛኙ የሚደጋገፉበት አሠራር ነው። የተሻለ ልምድ ያላትን መምህርት ከጀማሪዋ ጋር በማጣመር፣ ሱፐርቫይዘሩ ጥንዶቹን በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገኝ ማድረግ ይቻላል።

የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዞኑ መኖሩም መልካም አጋጣሚ ነው። የኮሌጁ መምህራንና ዕጩ መምህራን በከተማው መዋዕለ ሕፃናትና በአካባቢው ቅድመ መደበኛ ክፍሎች የሚኖራቸው ቆይታ በአግባቡ ከተቀናጀ ለኮሌጁ የተግባር ልምምድ፣ ለትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የድጋፍ ምንጭ ሊሆን ይችላል። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም በተመረቀባት ቡሬ ከተማም ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ጥራት ያለው ቅድመ መደበኛ አገልግሎት ማስፋት አስፈላጊ መሆኑ እሙን ነው።

በሌላ በኩል በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም መጨረሻ የተቀሰቀሰው ግጭት በትምህርት ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትና ወጣቶችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በዚህ የተነሳ የቅድመ መደበኛ ዓመታቸው ያመለጣቸው ሕፃናት ትምህርት በሚጀመርበት ጊዜ ዕድሜያቸው ገፍቶ በአንድ ክፍል ከታናናሾቻቸው ጋር ሊቀመጡ ይችላሉ። ለእነዚህ ሕፃናት ከፊደል በፊት መረጋጋት፣ ጨዋታና የሚያውቃቸው መምህር ያስፈልጋቸዋል። ለመምህሯም ድጋፉ ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ይሆናል። ይሁንና ደጋፊ ባለሙያን አስተማማኝ ባልሆነ መንገድ ማሰማራት ተገቢ ስላልሆነ በግቢ ውስጥ የሚደረግ የእርስ በርስ ድጋፍ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ከኃላፊዎች የሚጠበቅ ተግባር

አሠራሩን በዘላቂነት ለመትከል በወረዳ ደረጃ የሚከተሉት ውሳኔዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ የቅድመ መደበኛ መምህራን ስምና የሥልጠና ደረጃ ተለይቶ መመዝገብና የአማካሪ መምህር ምደባ ማግኘታቸው መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛ፣ የክፍል ውስጥ ድጋፍ ማስታወሻዎች ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ፣ ለዝውውርም ሆነ ለዲሲፕሊን ጉዳይ በማስረጃነት እንዳይቀርቡ በግልጽ መመሪያ መስጠት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የጉብኝት የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ራሱን ችሎ ሊያዝ ይገባዋል። ክፍያውም በተካሄደው ጉብኝት መጠን ቢፈጸም ተጠያቂነትን ያሰፍናል። ከአዳራሽ ሥልጠና በጀት የተወሰነውን ወደዚህ ማዛወር ተጨማሪ ገንዘብ ሳይጠበቅ ለመጀመር ያስችላል።

አራተኛ፣ በድጋፍ የተሻለች መምህርት በየዓመቱ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ትምህርት ቤት እንዳትዛወር ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል። የተደከመበት ክህሎት የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱ የተጎበኙ ክፍሎችን ብዛት ብቻ ሳይሆን በሕፃናቱ ላይ የታየውን ለውጥ ማካተት አለበት። በየመንፈቁ ከአንድ ክፍል አሥር ሕፃናትን በዕጣ መርጦ፣ ተራቸውን ያልጠበቁ አሥር ፊደላትን እንዲለዩና አጭር ተረት ሰምተው አንድ ጥያቄ እንዲመልሱ ማድረግ ለወረዳው በቂ መረጃ ይሰጣል። መረጃው መምህሯን ለመመዘን ሳይሆን ድጋፉ ራሱ መሥራት አለመሥራቱን ለመለየት ይውላል።

ክፍል መክፈት፣ መምህር መመደብና መሣሪያ ማሟላት የመጀመሪያ እርምጃዎች ናቸው። ሕፃኑ ከዚያ ክፍል አውቆ መውጣቱ ግን የሚወሰነው በመምህሯ ዕለታዊ ሥራ ነው። ወረዳው ለዚህ ሥራ ጥራት ኃላፊነቱን የሚወጣው ለመምህሯ የሚያግዛት ሰው ሲመድብላት፣ ያ ሰው በቀጠሮው መገኘቱን ሲከታተልና ለጉዞው የሚያስፈልገውን በጀት አስቀድሞ ሲይዝ ነው።